ዕቃው ጎንደር ያልቃል፣ ካርቶኑ ሜሪላንድ

«ጎንደር ቁጭ ብላችሁ አማዞን ላይ እንዴት ትሸጣላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ይበዛብኛል። እውነቱን ለመናገር የምንሸጠው ከጎንደር አይደለም። አካውንቱ ሜሪላንድ በምትኖረው እህቴ ስም ነው። ዕቃው የሚቀመጠውም፣ ለገዢ የሚላከውም ከአማዞን መጋዘን ነው። የኔ ድርሻ ጋቢውን፣ ነጠላውንና የሣር ስፌቱን አሠርቼ፣ መጋዘኑ በሚቀበለው መልክ አሰናድቼ ቦሌ ካርጎ ማድረስ ነው። ስለ ዋጋውና ስለ ማስታወቂያው እህቴን ጠይቋት። እኔ የምነግራችሁ ስለ ማሸጉ፣ ስለ መለጠፉና ስለ ካርቶኑ ነው።

ለማያውቀው ሰው፣ ይህ አሠራር ኤፍቢኤ ይባላል። ሻጩ ዕቃውን አስቀድሞ አማዞን መጋዘን ያስገባል። ሰው ሲያዝ አማዞን ከመደርደሪያ አንስቶ፣ አሽጎ ይልካል። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ጋቢ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። ለእሱ ዕቃው ማለት ባርኮዱ ነው። ስካነሩ «ጢጥ» ካለ ዕቃው አለ፤ ካላለ የለም። የተቀረው ሕግ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

እኛ እያንዳንዱን ዕቃ እዚሁ ጎንደር እንጨርሳለን። ወደ መጋዘን የሚገባውን የመጨረሻ ካርቶን ግን እህቴ እዚያ ትሠራዋለች። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው። ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቆ ይልክና፣ እዚያ ያለው ዘመድ ከሥራ መልስ ጋራዥ ውስጥ ሲያጥፍና ሲለጥፍ ያመሻል። ያ ዘመድ በሁለተኛው ዙር ስልክ ማንሳት ያቆማል። አትፍረዱበት። ቀደም ሲል አማዞን ራሱ በክፍያ ይለጥፍና ያሽግ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ይህን አቁሟል። ስለዚህ ሥራው የግድ የሻጩ ነው። እዚህ ደግሞ የሚሠራ እጅ አለ፤ ዕቃው ቢበላሽም ሠሪው ቅርብ ነው። ጥለቱ የተዛነፈ ጋቢ ሲገኝ በማግስቱ ለሸማኔው ይመለሳል። ሜሪላንድ ከደረሰ በኋላ ማን ይመልሰዋል?

ከስቲከሩ ልጀምር። እህቴ ዕቃውን አካውንቷ ላይ ስትመዘግብ አማዞን ለእያንዳንዱ ዓይነት መለያ ቁጥር ይሰጣል። ኤፍኤንኤስኬዩ ይሉታል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ«ኤክስ» ፊደልና በሁለት ዜሮ ይጀምራል። «ዓይነት» ሲባል ጠንቀቅ በሉ። ባለ ቀይ ጥለት ጋቢና ባለ አረንጓዴ ጥለት ጋቢ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ቁጥራቸውም ለየብቻ ነው። እህቴ ፋይሉን በቴሌግራም ትልክልኛለች፤ እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ በስቲከር ወረቀት ላይ አሳትማለሁ።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ አትቸኩሉ። ልጁ ፋይሉን ሲከፍት ኮምፒዩተሩ ብዙ ጊዜ በራሱ ገጹን ከወረቀቱ ልክ ጋር ያስተካክለዋል። ያኔ ባርኮዱ በጥቂቱ ያንሳል ወይም ይለጠጣል። «መቶ በመቶ አድርገህ አትመው» በሉት። እኔ አጠገቡ ነው የምቆመው። «እትዬ፣ ያው ነው እኮ፤ ልዩነቱ በዓይን እንኳ አይታይም» ይለኛል። ዓይኔ ባያየውም ስካነሩ ያየዋል። አንድ ገጽ ብቻ አሳትሜ ስልኬ ላይ ባለው የባርኮድ ማንበቢያ እሞክራለሁ። አንብቦ ቁጥሩ ከፋይሉ ጋር ከገጠመ ቀሪው ይታተማል።

ፕሪንተሩ ሌዘር ይሁን። የኢንክጄት ቀለም እርጥብ እጅ ሲነካው ይፈስሳል፤ በጊዜ ብዛትም ይደበዝዛል። ስቲከሩ ነጭና የማያብረቀርቅ ይሁን። አማዞን የሚቀበለው መጠን ከ2.5 በ5 ሴንቲ ሜትር እስከ 5 በ7.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ስትለጥፉ ከጠርዝ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ራቁ። በማዕዘን ላይ፣ በእጥፋት ላይ፣ በሚጎብጥ ቦታ ላይ አታድርጉት። ላስቲኩ ወይም ሣጥኑ ላይ ቀድሞ የታተመ ሌላ ባርኮድ ካለ ሙሉ በሙሉ ሸፍኑት። ሁለት ባርኮድ ያለው ዕቃ ሁለት መታወቂያ እንደያዘ ሰው ነው፤ መጋዘኑ በየትኛው እንደሚመዘግበው አይታወቅም።

አንድ ነገር ላይ በጣም ድርቅ እላለሁ። ጠረጴዛው ላይ ባለ ቀይ ጥለት ጋቢ ካለ፣ የሌላው ዓይነት ስቲከር ከክፍሉ ይወጣል። «እዚያ ጥግ ላይ ይቀመጥ» አይባልም፤ ይወጣል። ስቲከር ከተለዋወጠ ገዢው ጋቢ አዝዞ ነጠላ ይደርሰዋል። መጋዘኑ ስህተቱን አያይም፤ ለእሱ ባርኮዱ ትክክል ነው። ስህተቱን መጀመሪያ የሚያየው ገዢው ነው፤ እሱ ደግሞ ዝም አይልም።

ቀጥሎ ላስቲኩ አለ። ጋቢና ነጠላ የግድ ላስቲክ ውስጥ ገብተው ይታሸጋሉ። ላስቲኩ የሚያሳይ መሆን አለበት። ውፍረቱም ቢያንስ 1.5 ሚል ነው፤ ሚል የኢንች አንድ ሺኛ ነው፣ በማይክሮን 38 ገደማ መሆኑ ነው። ሱቅ ገብታችሁ «38 ማይክሮን ስጡኝ» ብትሉ ባለሱቁ ግራ ይጋባል። ዘዴው እንዲህ ነው። ላስቲኩን አጣጥፋችሁ 20 ድርብ አድርጉት። ከዚያ ጋራዥ ያለ መካኒክ ጋ ወይም ብረታ ብረት ቤት ወስዳችሁ በካሊፐር፣ በውፍረት መለኪያው፣ አስለኩት። ከ0.76 ሚሊ ሜትር ካላነሰ ያልፋል። ሲለካ ጠበቅ አድርጎ ይያዘው፤ በመሃል አየር ካለ ቀጭኑም ወፍራም ይመስላል። እኛ ላስቲኩን ከመርካቶ ነው የምናስመጣው።

የላስቲኩ አፍ 12.7 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሕፃናትን ሊያፍን እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ሊኖረው ይገባል። የፊደሉ መጠን እንደ ላስቲኩ ስፋት ከ10 እስከ 24 ፖይንት ይለያያል። እኛ መለካቱን ትተን ለሁሉም 24 አድርገናል። ትልቅ ጽሑፍ በትንሽ ላስቲክ ላይ ያስጠላል እንጂ አያስመልስም። ላስቲኩ ከዕቃው ከ7.5 ሴንቲ ሜትር በላይ መትረፍም የለበትም። ለነጠላ የጋቢ ላስቲክ አትጠቀሙ ማለት ነው።

ጋቢ ከላስቲኩ በፊት የራሱ ጣጣ አለው። አራት እጥፍ ጥጥ ነው፤ ሽታ ይጠጣል። አንዴ እህቴ ላስቲኩን ከፍታ ደወለችና «ይሄ ጋቢ ላይ ቡና ተፈልቶበታል እንዴ?» አለችኝ። ጋቢው ላይ አልተፈላም፤ ሸማኔው ቤት ግን በቀን ሦስቴ ይፈላል፣ ዕጣኑም አለ። ለኛ ደስ የሚል ጠረን ነው። ዲትሮይት ያለ ፈረንጅ ግን «አሮጌ ዕቃ ላኩብኝ» ብሎ ይመልሰዋል። አሁን ጋቢው ከመታሸጉ በፊት አየር ላይ ተሰጥቶ ይውላል። ፀጉርና ብናኝ በሚያጣብቅ ሮለር ይነሳል። ዘርፉ ተቆጥሮ እኩል መሆኑ ይታያል።

የጨርቅ ምልክቱንም እዚሁ እንሰፋለን። የአሜሪካ ሕግ የጨርቅ ውጤት ከምን እንደተሠራ በመቶኛ፣ የት እንደተሠራና ኃላፊው ነጋዴ ማን እንደሆነ ምልክቱ ላይ እንዲጻፍ ያዛል። ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ መሆኑ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ሸማኔያችን አዛውንት ናቸው። ምልክቱን ሳሳያቸው ጋቢውን በሁለት ጣታቸው ፈተግ ፈተግ አድርገው «ልጄ፣ ጥጥ መሆኑ ሲነካ አይታወቅም?» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ግን ጥለቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ሰው ሠራሽ ክር የሚያስገቡትም እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለውን በደፈናው «100 በመቶ ጥጥ» ብላችሁ አትጻፉ። ሸማኔውን የክሩን ዓይነት ጠይቃችሁ እንደወረደ ጻፉት፤ ወይም ጥለቱን በጥጥ ክር አሠሩት።

ወደ ስፌቱ ልለፍ። ሰፌድ፣ ሙዳይና ሌማት ጥሩ ይሸጣሉ፤ ፈረንጅ ግድግዳ ላይ ይሰቅላቸዋል። ትልቁ ጠላታቸው እርጥበት ነው። ስፌቱ የሚሠራበት ሣር፣ ሰንደዶና አክርማ፣ ውጭው ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሆኖ ላስቲክ ውስጥ ከታሸገ ሻጋታ ያወጣል፤ ያን ጊዜ አጠገቡ ያለውም አይተርፍም። ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ከዋለ ቀለሙ ይለቃል። ከዚያ አገላብጣችሁ ፈትሹት። የሣር ፍሬ፣ አፈር ወይም ነፍሳት ካለ አስወግዱ፤ አሜሪካ መግቢያ ላይ የግብርና ፍተሻ አለ፣ የዕፅዋት ነገር ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ቆዳ የለበሰ አገልግል እኛ አንልክም። በደንብ ያልለፋ ቆዳ ከእንስሳት በሽታ ቁጥጥር ጋር ያጋጫል። በርበሬና ሽሮ የምትጠይቁኝም አላችሁ። ምግብ በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ምዝገባና ቅድመ ማስታወቂያ ይፈልጋል። እሱ ሌላ ሙያ ነው፤ ከስፌቱ ጋር አትቀላቅሉት።

ክዳን ያለው ሙዳይ አንድ ዕቃ ነው ወይስ ሁለት? ለኛ አንድ ነው። ለመጋዘኑ ግን ተለያይቶ ከተገኘ ሁለት ነው። ክዳኑና ገላው አንድ ላስቲክ ውስጥ ይገባሉ፤ «አንድ ስብስብ ነው፣ አይነጣጠል» የሚል የእንግሊዝኛ ስቲከር ይለጠፍበታል፤ ባርኮዱም አንድ ብቻ ይሆናል። በሦስት መጠን ሆነው አንድ ላይ የሚሸጡ ሰፌዶችም እንደዚያው።

ሸክላም ሞክረናል። ጎንደር አጠገብ ወለቃ የሚሠሩትን ትንንሽ ምስሎች የሚወዳቸው ሰው ብዙ ነው። ተሰባሪ ዕቃ ግን የመጣል ፈተና አለበት። ያሸጋችሁትን ዕቃ ከ90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ጠንካራ ወለል ላይ አምስት ጊዜ ትጥሉታላችሁ። በታችኛው ገጹ፣ በላይኛው፣ በረጅሙ ጎኑ፣ በአጭሩ ጎኑ፣ በመጨረሻም በማዕዘኑ። ሳይሰበር ከወጣ አለፈ። ግቢያችን ሲሚንቶ ነው፤ እዚያው ላይ ጣልነው። እናቴ ከወጥ ቤት ወጥታ «ገዝታችሁ አምጥታችሁ ልትሰብሩት ነው?» አለች። ምስሎቹ በአየር ላስቲክ ተጠቅልለው፣ ጠንካራ ሣጥን ውስጥ ገብተው አለፉ። ጀበናው ግን አንገቱ ላይ ተቀነጠሰ። አጠቃቀሉን ቀይረን ደገምነው፤ ያው ሆነ። ጀበናን ከዝርዝራችን አወጣነው። ለአንድ ጀበና የሚወጣው መጠቅለያና ቦታ ትርፉን ይበላዋል።

ለመሙያ የተጨማደደ ወረቀት፣ የአየር ላስቲክና የፎም ንጣፍ ይፈቀዳል። ጥቃቅን የፎም ፍሬና የተቆራረጠ ወረቀት ግን አማዞን አይቀበልም። ጭድ ደግሞ ጭራሽ አታስቡት። ከሸክላ ጋር ሲሄድ አገር ውስጥ ደህና ነው፤ ድንበር ሲያልፍ ግን የግብርና ፍተሻውን በገዛ እጃችሁ ጠራችሁት ማለት ነው።

አሁን ገንዘቡ ያለበት ቦታ ደረስን። የአየር ጭነት የሚከፈለው ከክብደትና ከመጠን የሚበልጠው ተመርጦ ነው። ርዝመቱን፣ ወርዱንና ቁመቱን በሴንቲ ሜትር አባዙና ለ6,000 አካፍሉ፤ ኤክስፕረስ ከሆነ ብዙዎቹ ለ5,000 ያካፍላሉ። 60 በ40 በ40 የሆነ ካርቶን በመጠን ስሌት 16 ኪሎ ነው። ሰፌድ ብቻ ብትሞሉበት ሚዛን ላይ ምናልባት 5 ኪሎ ይመዝን ይሆናል። የምትከፍሉት ግን የ16 ነው። የቀረውን 11 ኪሎ በአየር ላይ ለአየር ከፈላችሁ። ስለዚህ ስፌቶቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርጉ፤ በተረፈው ቦታ የታሸጉ ነጠላዎችን ሙሉ። ጋቢው ከባድ፣ ስፌቱ ቀላል ነው፤ አንድ ካርቶን ውስጥ ሲጋቡ ሁለቱም ይረክሳሉ።

ካርቶኑን ጎንደር ላይ የማንጨርሰውም ለዚህ ነው። ለአውሮፕላን የሚበጀው የተቀላቀለ ካርቶን ለመጋዘኑ አይመችም። መጋዘኑ በየካርቶኑ ውስጥ የትኛው ዓይነት ስንት እንዳለ አስቀድሞ ተመዝግቦ ይፈልጋል። ከዚያም በላይ ዕቃው የት መጋዘን እንደሚገባ የሚታወቀው እህቴ የጭነት ዕቅዱን ስትከፍት ነው። አማዞን አንዱን ጭነት ለሁለት ሦስት ግዛት ሊከፋፍለው ይችላል። ሁሉንም ወደ አንድ ቦታ ልላክ ካላችሁ፣ ከማርች 2024 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የማከፋፈያ ክፍያ አለ። ይህን ከጎንደር ሆኖ መገመት አይቻልም። እህቴ የኔን ካርቶን ትከፍታለች፤ በዓይነት በዓይነቱ ለይታ በአዲስ ካርቶን ታሽጋለች። እያንዳንዱ ዕቃ አልቆ ስለሚደርሳት አንድ ቅዳሜ ይበቃታል። የሷ ካርቶን ከ22.7 ኪሎ አይበልጥም፤ የትኛውም ጎኑ ከ63 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። የካርቶኑ መለያ ለእያንዳንዱ የራሱ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ሁለቱ ላይ አይለጠፍም። መገጣጠሚያው ላይም አይለጠፍም፤ ካርቶኑ ሲከፈት ባርኮዱ ይቀደዳልና።

ሌላም ምክንያት አለ። አማዞን አስመጪ ሆኖ አይፈርምም። ዕቃው አሜሪካ ሲገባ ቀረጡን የሚከፍልና በስሙ የሚቀበል ሰው መኖር አለበት። ከቦሌ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ አድራሻ የላከ አንድ የማውቀው ሰው ዕቃው ጉምሩክ ላይ ቆሞበት ከርሟል። በእህቴ ስም ሲገባ ይህ ችግር የለም። ቀረጡ ግን አለ። ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ከአጎዋ፣ የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ሕግ፣ ወጥታለች። ከ800 ዶላር በታች ያለ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረውም ከኦገስት 29 ቀን 2025 ወዲህ ቀርቷል። «በትንሽ በትንሹ በፖስታ ልላክ» የሚለው የድሮ ምክር አይሠራም።

ኢንቮይሱ ላይ «የባህል ልብስ» ብላችሁ አትለፉ። «በእጅ የተሸመነ የጥጥ ብርድ ልብስ»፣ «ከሣር የተሰፋ ቅርጫት» እያላችሁ ብዛቱንና ዋጋውን ዘርዝሩ። ጋቢና ቅርጫት የሚከፍሉት ቀረጥ የተለያየ ነው። የላኪ ፈቃዱንና የባንኩን ወረቀት ዕቃው ሳይታሸግ ጨርሱ። ደግሞ ጎንደር ስለሆንን ይህን ልበል፦ መስቀል፣ ብራና ወይም አሮጌ የሚመስል ነገር ካርቶኑ ውስጥ አትጨምሩ። አዲስ ቢሆንም ቅርስ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ጭነቱ በሙሉ ይቆማል።

ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ሰሞኑን ደግሞ መቼ እንደሚዘጋ አይታወቅም። እኛ ከአዘዞ በአውሮፕላን ነው የምንልከው። ይወደዳል፤ ቀኑ ግን ይታወቃል። ፋይሎቹን ሁሉ ስልክና ፍላሽ ላይ አውርዳችሁ ያዙ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ክልሉ ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቴሌግራም ላይ ያለ ባርኮድ ለማንም አልጠቀመም። ተርፎ የሚቀመጥ የታተመ ስቲከርም ይኑራችሁ።

የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ትልቁ ገበያ ኖቬምበርና ዲሴምበር ነው። ዕቃው መጋዘን መግባት ያለበት ግን በኦክቶበር፣ ማለትም በጥቅምት መጀመሪያ ገደማ ነው። ያኔ የመጋዘን ኪራዩም ይጨምራል። ሳይሸጥ ከ180 ቀን በላይ የቆየ ዕቃ ደግሞ ተጨማሪ ክፍያ አለበት፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር ብዙ አትላኩ። እዚህ በኩል ያለውን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ስፌት ክረምት ላይ አይደርቅም። ከሰኔ በፊት ተገዝቶ፣ ደርቆ፣ ታሽጎ ማለቅ አለበት። ጋቢ ክረምቱንም ይሠራል። የሚታዘዝበት ጊዜ ግን ወሳኝ ነው፦ ታኅሣሥና ጥር ላይ ለጥምቀት የሚመጣው እንግዳ ገበያውን ያሞቀዋል፣ ሸማኔውም ፋታ የለውም። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሂዱ። ያኔ ዋጋውም ይወርዳል፣ ሸማኔውም ቁጭ ብሎ ስለ ጥለቱ ክር ያወራችኋል።